የግራ እግሩ ጣቶች

«በግርዶሽ ምሽት ዓሣ ከተፈች። እኔ ምን ላድርግ፣ እጇን ይዤ ልቀመጥ?» ይላሉ ጆቤዳ፣ የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የቃጫ ፋብሪካ ማሽን ጆሮውን ካደነቆረው ባል ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲጯጯሁ የኖሩ ሴት ናቸውና፣ ሹክሹክታቸው እንኳ ከደረጃው ሥር ይሰማል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ከገጠር የመጣች ሴት የምታኝከውን ቅጠል ወደ አንድ ጉንጯ ገፋ አድርጋ፣ «ዓሣውን ሙሉውን?» ብላ ጠየቀች። «ከነጭንቅላቱ!» አሉ ጆቤዳ። «ልጁ ተወለደ፤ በሦስተኛው ቀን እግሩ ጠቆረ። በይ እንግዲህ አንቺው ፍረጂ።» ሴትየዋ ምላሷን ጠቅ አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እሷም አንዲት ጎረቤት ነበረቻት፤ በግርዶሽ ቀን መቀስ ይዛ የልጇ ከንፈር ተሰንጥቆ ተወለደ።

ሞኖዋራ ባለ ሦስት ድርቡን ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወጣ ይህን ሁሉ ሰማች። ከእሷ ይልቅ መስማት ያልነበረባት ሼፋሊ ግን እዚያው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ የሻሿን ጠርዝ እስከ ቅንድቧ ስባ ተቀምጣለች። የጆቤዳ ምራት እንዳልሆነች፣ እንዲያው ወንበር የምትሞላ ሰው እንደሆነች፣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሶ ደርቆ፣ እንደገና ርሷል። ሞኖዋራ ምሳ ዕቃውን ከሁለቱ መካከል አስቀመጠች። ያን ዓሣ ታስታውሰዋለች። ከገበያ ያመጣው ወንድሟ፣ የሼፋሊ ባል ኢምዳድ ነው፤ በሰናፍጭ ይሠራልኝ ያሉት እናቷ ጆቤዳ ናቸው፤ ጭንቅላቱን እስከ መጨረሻው መጥጠው የበሉትም እሳቸው ናቸው። ጨረቃዋ መጨለም የጀመረችው ድስቱ ከወረደ በኋላ ይሁን በፊት፣ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ቀና ብሎ አላየም ነበር። ይህን ለመናገር አፏን ከፈተችና፣ «እሩዙ ሳይቀዘቅዝ ብሉ» ብላ ዘጋችው።

ኢምዳድ ከሕፃናቱ ሙቀት ክፍል ጎን ካለችው ጠባብ ቢሮ በር ላይ ቆሞ በእጁ ጠራት። ሽሪምፕ ከሚያቀዘቅዘው ፋብሪካ ፈቃድ ወስዶ ነው የዋለው፤ ሸሚዙ ግን ታጥቦም ቢሆን የባሕር ሽታውን አልለቀቀም። «ዶክተሯ ልታናግረኝ ነው። ብቻዬን ከምገባ አብረን እንግባ፣ ቡቡ» አላት። ታላቅ እህቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራት፤ ሼፋሊም ከእሱ ተምራ ቡቡ ትላታለች።

ዶክተር ሽራቦኒ ግንባሯ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ ያደረገች፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ እጦት ያበጠ ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ሻይ ቆዳ አውጥቷል። «ትናንት በጥድፊያ ነበር የነገርኩዎት፤ ዛሬ ረጋ ብዬ ልንገርዎት» አለች። «ልጁ ያለ ጊዜው ነው የተወለደው። መተንፈስ አቅቶት ነበር። ደሙን ቶሎ ቶሎ ወስደን ማየት ነበረብን፤ እጁ ላይ ያለው የደም ሥር ደግሞ ክር ነው፣ በተወጋ ቁጥር ይፈነዳል። ስለዚህ በእትብቱ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገባን። በእትብት ውስጥ ደም ቅዳ አለ፤ እስከ ትልቁ የደም ሥር ድረስ ይዘልቃል። ያ ቱቦ ባይኖር ስለዚህ ልጅ ዛሬ አናወራም ነበር። ግን ወደ እግር የሚወርደው ደምም የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። አንዳንዴ ሥሩ ቱቦው ሲነካው ይኮማተራል፤ አንዳንዴ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። ከማስገባቴ በፊት ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረውኛል» አለ ኢምዳድ።

«እንዳየነው ወዲያው ቱቦውን አወጣነው። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ቀልቷል። የሁለቱ ጣቶች ጫፍ ግን የሚመለስ አይመስለኝም። አንቆርጠውም። በጊዜው ደርቆ ራሱ ይወድቃል። መራመድ ግን ይራመዳል፤ መሮጥም ይሮጣል።»

ሞኖዋራ ከወንድሟ ጀርባ ሆና፣ «እናቱ እርጉዝ ሳለች ካደረገችው ነገር ጋር ይያያዛል?» ብላ ጠየቀች።

«ምን አደረገች?»

«በግርዶሽ ዓሣ ከተፈች።»

ዶክተሯ አልሳቀችም። «የኔም እናት እርጉዝ ሳለሁ በግርዶሽ ቀን በር ቆልፋብኝ ውላለች፤ ውሃ እንኳ አላጠጣችኝም» አለች። «ዓሣ የሕፃን ጣት አያጠቁርም። ይህን ለእናትየዋ ንገሯት። ከትናንት ጀምሮ ወተቷን ብንጠይቅ እንቢ ብላናለች። እንዲህ ላለ ልጅ የእናት ወተት ከመድኃኒት አይተናነስም፤ የቆርቆሮ ወተት ሆዱን ቢያሳምመው እግሩን ያተረፍነው በከንቱ ነው።» ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ አንዲት ትንሽ ፌስታል አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ውስጡ አውራ ጣት የምታህል፣ በእጅ የተሠራች ቢጫ የሱፍ ካልሲ ከነጓደኛዋ አለች። «አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብደብቃችሁ ደስ አይለኝም። ቱቦው ያለበት ልጅ እግሩ ክፍት መሆን አለበት። ቀለሙን ለማየት ነው። ያን ቀን ማታ ሴት አያቱ ክፍሉ ይበርዳል ብለው አንዷን የጽዳት ሠራተኛ ለምነው ይህን አስጠለቁለት። ነርሷ ብቻዋን ነበረች፤ አላወለቀችውም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ማየት የነበረብን እኛ ነን። ቶሎ ቢታይ ጣቶቹ ይተርፉ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ምናልባት ነው የምላችሁ። አልምልም።»

ኢምዳድ ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደ በረንዳው ከመመለስ ይልቅ በጓሮ ደረጃ ይዟት ወረደ፤ ጄኔሬተሩ ካለበት ከግንቡ ጥላ ሥር ሲደርሱ ቆመ። ዝናቡ ገና አልገባም፤ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። «ቡቡ፣ ይህ ነገር እዚሁ ይቅር» አለ።

«የትኛው?»

«ሁሉም። ቱቦው ነው ያልናት እንደሆነ እማ ‹ታዲያ ለምን ቶሎ አላዩትም› ትላለች። አታውቂያትም? ሥሩን ሳታገኝ አትለቅም። ስትጠይቅ ካልሲው ይመጣል። ዓይኗ እየደከመ በጣቷ እየዳበሰች ነው የሠራችው። ይህን ብትሰማ ትቆማለች ብለሽ ነው?»

«ሼፋሊስ?»

«ሼፋሊ ገና ልጅ ናት። ይረሳታል።» እህቱን ሳይሆን የጄኔሬተሩን ጭስ ማውጫ እያየ ነበር። «አባቷ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ተሻግሮ ይመጣል። እማ ናት ያስደወለችው። አርባ ቀኗ እስኪወጣ እናቷ ዘንድ ትቆይ ብላለች፤ ልጁን ባትነካው ይሻላል ብላለች።»

«ወተቱን ምን ልታደርጉት ነው? የሰማኸውን አልሰማህም?»

«አንድ ነገር እናደርጋለን። ብቻ ቤቱ ሰላም ይሁን» አለ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ «አንቺም እኮ የምትኖሪበት ቤት ነው» አላት። ክፋት አልነበረውም። እንደ ምክር ነው የተናገረው።

ሞኖዋራ የሼፋሊን ልብስ እንድታዘጋጅ ተልካ ወደ ቤት ሄደች። በባትሪ የሚሄደው ባጃጅ ውስጥ ከአንዲት የኮኮናት ነጋዴ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥማ ተቀመጠች፤ ነጋዴዋ መንገዱን ሙሉ ስለ ኮኮናት መወደድ አወራች፤ ሞኖዋራም በየመሐሉ «እውነትሽን ነው» እያለች ሰማቻት። የተዘጋው የቃጫ ፋብሪካ አጥር ጋ ወርዳ ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ስትታጠፍ፣ ሱቅ በር ላይ የቆመች ጎረቤት ሰላምታውን ሳትጨርስ፣ «ጣቱ ጨርሶ ጠቆረ አሉ? የዛሬ ልጆች መቼ ይሰማሉ!» አለቻት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው የእናቷ፣ ሌላው የኢምዳድና የሼፋሊ፤ የሞኖዋራ ደግሞ ከበረንዳው ከፊሉ በቆርቆሮ ተከልሎ የወጣ ነው፤ አልጋዋና የስፌት መኪናዋ ጎን ለጎን ከገቡበት ለሰው መተላለፊያ አይተርፍም። ከባሏ ቤት ተመልሳ የመጣች ቀን ይህን ቆርቆሮ በገዛ እጁ የመታላት ኢምዳድ ነው። ይህንንም አትረሳም።

ከሼፋሊ ሳጥን ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ፎጣ፣ ማበጠሪያ አወጣች። ከሥሩ ከአሮጌ ሳሪ የተሰፉ የሕፃን መጠቅለያዎች ተደርድረዋል። ሼፋሊ ከስድስተኛ ወሯ ጀምሮ ማታ ማታ የሰፋቻቸው ናቸው፤ ስፌቷ ጠማማ ስለሆነ ሞኖዋራ ስቃባት፣ ደግሞ አርማላት ታውቃለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሷን በባሏ ቤት፣ ልጅ አልይዝ ያላት ሙሽራ ሳለች በማታ ከኩሬው ዳር ፀጉሯን ፈትታ ስለታየች ነው ብለዋት ነበር። የገረማት እነሱ ማለታቸው አልነበረም። እሷ ራሷ ማመኗ ነው። ባሏ ሌላ አግብቶ ከዚያኛዋም ሳይወልድ ሲቀር እንኳ፣ ለብዙ ጊዜ ወደ ማታ ሲሆን ፀጉሯን አጥብቃ ታስር ነበር። ሰው የሚለው ሲደጋገም በገዛ ሰውነት ውስጥ መቀመጫ ያገኛል። ተነሥታ ልብሶቹን በቦርሳ ከተተች፤ መጠቅለያዎቹን ግን በሳጥኑ ተወቻቸው። ምን እንደምታደርግ ገና አላወቀችም። በሩን ቆልፋ ወጣች።

የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ስትደርስ የሼፋሊ አባት መጥቷል። ካሼም ይባላል፤ ጠይም፣ ትንሽዬ፣ የእርሻ ሰው ነው፤ ጃንጥላውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ያመጣውን የሙዝ ዘለላ ከጆቤዳ እግር ሥር አኑሮ ቆሟል። ተቀመጥ ያለው ሰው የለም። «ልጅ ናት፤ አላወቀችም» ይላል። «እናቷ መንገር ነበረባት። ጥፋቱ የኛ ነው። ይቅር በሉን።» ጆቤዳ ሙዙን አላዩትም፤ እሱንም አላዩትም። «አሁን ይቅርታ ጣት ያበቅላል?» አሉ። ሼፋሊ አባቷ ሲዋረድ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ኢምዳድ መስኮቱ ጋ ቆሞ የሆስፒታሉን ግቢ ይመለከታል፤ ምን እንዳለበት እግዜር ይወቅ፣ ዓይኑን ከዚያ አላነሣም።

የሙቀት ክፍሉ በር ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። በእጇ ትንሽ የብረት ኩባያ ይዛለች። «የአራት ቁጥር እናት! ወተት!» ብላ ጮኸች።

ሼፋሊ ሳትዞር፣ «ይቅርበት» አለች።

«ምን ይቅርበት? ልጅሽ እኮ ነው!»

«እጄ ጥሩ አይደለም። የነካሁት ነገር… ይቅርበት።»

ካሼም እንደገና፣ «ይቅር በሉን» አለ፤ አሁን ደግሞ ለነርሷ።

«ዓሣው አይደለም» አለች ሞኖዋራ።

ቦርሳውን እንዳንጠለጠለች ነው የተናገረችው። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወፍራም ሆኖ ወጣ፤ ቅጠል የምታኝከው ሴትዮ ሳትቀር ቀና አለች። «ዓሣው አይደለም፣ ሼፋሊ። እጅሽም አይደለም። መተንፈስ ስላቃተው በእትብቱ ቱቦ አስገብተውለት ነበር። የእግሩን ደም የዘጋው ቱቦው ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ እንዲህ ያደርጋል። ዶክተሯ ናት ያለችው፤ ንገሯት ብላ አዝዛናለች።»

«መቼ ነው ያለችሽ?» አሉ ጆቤዳ።

«ዛሬ ጠዋት። ኢምዳድም አብሮኝ ሰምቷል።»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ኢምዳድ እህቱን ያያት አስተያየት ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ትዝ ይላታል፤ ንዴት አልነበረም፤ ከገደል ሲገፉት የሚይዘውን እንደሚፈልግ ሰው ነበር። «አዎ» አለ።

ካሼም ጃንጥላውን ከብብቱ አውጥቶ እንደገና ሸጎጠው። ጆቤዳ ግን፣ ልጃቸው እንዳለው፣ ሥሩን ሳያገኙ የሚለቁ ሴት አይደሉም። «ቱቦ!» አሉ። «እሺ ቱቦ ይሁን። ታዲያ ዓይን የላቸውም? የሕፃን እግር እንደ ከሰል ሲጠቁር ሌሊቱን ሙሉ አንድ ሰው አላየም? ለምን አላዩትም? ንገሩኛ!»

የኢምዳድ እጅ ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄዶ እዚያው ቀረ። ሞኖዋራ እናቷን አየች፤ በጉልበታቸው ላይ የተጣመሩትን፣ አንጓቸው ያበጠ ጣቶቻቸውን አየች። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። ጠዋት ሙሉ ያን ዓሣ በየጆሮው ሲያቀብሉ የዋሉትን ሴት በአንድ ቃል ዝም ማሰኘት ትችል ነበር፤ እንዲያውም ለአፍታ አማራት። ሼፋሊ ያን ጊዜ ከግድግዳው ዞረች። ትናንት ጠዋት ነርሷ «ይህን ማን ነው ያጠለቀለት?» ብላ ስትጮህ በሩ ላይ የነበረችው እሷ ናት፤ ያኔ የሰማችው ጩኸቱን ብቻ ነበር፤ አሁን የአማቷ ካልሲ መሆኑ ገባት። ሞኖዋራ ፊቷ ሲለወጥ አየች። ሼፋሊ ባሏን አየችው፤ በእጁ የሸፈነውን ኪሱን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ አማቷ አዞረች። ቀሪው ምን እንደሚሆን ለመገመት የሚከብድ አልነበረም።

«ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፣ እማማ» አለች ሼፋሊ። «ለዚህ ነው ያላዩት።»

ከነርሷ እጅ ኩባያውን ተቀበለች። በሩ ጎን ካለው ቧንቧ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ የተሰጣትን አረንጓዴ ካባ ገልብጣ ልትለብስ ስትታገል ነርሷ እየተነጫነጨች አስተካከለችላት፤ ከዚያ ገቡ። ሞኖዋራ በመስታወቱ በኩል ታያት ነበር። ሼፋሊ ከሁሉ አስቀድማ የልጁን ፊት አላየችም። ከእግሩ ሥር መዳፏን ዘርግታ፣ ተረከዙን መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ ሁለቱን የጠቆሩ ጣቶች ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው፤ ማንም እንዳይደብቃት የፈራች ትመስል ነበር። በረንዳው ላይ ጆቤዳ አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ ብለው፣ «መብራቱ ነው ለካ» ማለት ጀምረዋል። «ይሄው ነው የኛ ነገር። መብራት ይጠፋል፤ ሰው ይጎዳል።» ሴትየዋም ምላሷን ጠቅ አደረገች። ካሼምን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ ሰው ተቀመጥ አለው፤ ተቀመጠ። ማምሻውን ለብቻው ወንዙን ተሻገረ፤ በግርግሩ መሐል የሼፋሊን ቦርሳ ይዞት ሄዶ ልጅቷ ለሁለት ቀን የሞኖዋራን ቀሚስ ለብሳ ሰነበተች።

ልጁ ወተቱን ወደደው። ክብደት እስኪጨምር ሆስፒታል ቆይቶ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ ገባ፤ ስሙንም ራይሃን አሉት። የጣቶቹ ጫፍ ዶክተሯ እንዳለችው ደርቆ አንድ ቀን ከመጠቅለያው ጋር ወደቀ፤ ሼፋሊ በጨርቅ ቋጥራ የት እንደቀበረችው ለማንም አልተናገረችም። ኢምዳድ እህቱን አላስወጣትም፤ ክፉም አልተናገራትም፤ ብቻ ረዘም ላለ ጊዜ ቀጥታ አያናግራትም ነበር። ሻይ ሲፈልግ፣ «ሻይ ይኖር ይሆን?» ብሎ ለቤቱ አየር ይናገራል፤ ሞኖዋራም ሻዩን ለአየሩ እንደምትሰጥ ሁሉ አጠገቡ አስቀምጣ ትሄዳለች። ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር ከቆርቆሮው ማዶ ትሰማለች፤ ሼፋሊ የምትመልስለት የቀድሞውን ያህል ብዙ አልነበረም። ስለ ግርዶሽ ግን በዚያ ቤት ደግሞ የተነሣ ነገር የለም።

ልጁን የሚያጥቡት ጆቤዳ ናቸው። ይህን ሥራ ለማንም አይሰጡም። ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ረፋድ ላይ በረንዳው ጫፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ሕፃኑን ቅልጥማቸው ላይ አጋድመው፣ የሰናፍጭ ዘይት ይቀቡታል፤ ሞኖዋራ ጎናቸው መኪናዋን አውጥታ የሰው ሸሚዝ ትሰፋለች።

«ሞኖዋራ» አሉ።

«አቤት፣ እማ።»

«ያን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

ሞኖዋራ መርገጫውን አቆመች። «ጠፍቶ ነበር» አለች።

ጆቤዳ የቀኙን እግር ጨርሰው የግራውን ያዙ። ከትልቁ ጣት ጀምረው አንድ በአንድ እየለዩ ቀቡ፤ ሁለቱ አጫጭሮች ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ዘገየ። «እኔ እኮ ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ነው ያደርኩት» አሉ፣ ቀስ ብለው። ለአንዴ እንኳ ሹክሹክታቸው ሹክሹክታ ነበር። «የጣሪያው ማራገቢያ እስኪነጋ ሻሼን ሲገልብብኝ ነው ያደረው። አልቆመም።»

ሞኖዋራ መርፌው ሥር ያለውን ስፌት አየች። ሕፃኑ እግሩን መንጭቆ ዘይቱን በቀሚሳቸው ላይ አዳረሰው። ሼፋሊ ከማብሰያው ቤት ብቅ ብላ፣ «እማማ፣ ውሃው ሞቋል፤ ላምጣው ወይስ ትንሽ ይቆይ?» ብላ ጠየቀች።

ጆቤዳ ጭንቅላታቸውን ሳያነሡ፣ ፊቷን ሳይሆን እግሯን እያዩ፣ «አምጪው፣ ልጄ» አሏት።